የባባዩ ቅጠል አፍ

ኦኖቶዋ ደሴት፣ የካቲት 1999 እ.ኤ.አ.

ለወንድሜ ለቢናታ ልጅ፣ ለአኬኔቴ፣

ጤና፣ ሰላምና በረከት ካለሽበት ይግቡልሽ። እኔ አክስትሽ ቴኪምዋ አለሁ። የከዱኝ ጉልበቴና ዓይኔ ብቻ ናቸው።

ጽሕፈቱ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ የራሴ እጅ ነው። እስከ ዛሬ የደረሱሽን ደብዳቤዎች ሁሉ የጻፈው የቤተ ክርስቲያኑ አስተማሪ ነበር። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ደስ ያለውን ይጽፋል፣ ሚስቱ ደግሞ የተረፈውን ለመንደሩ ታድላለች። የአባትሽን ሞት ሲጽፍልሽ "በሰላም አረፈ" አለሽ። እኔ እንዲህ አላልኩም። ስምሽን እየጠራ ሞተ ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ ነው በዚህ ዕድሜዬ ከሕፃናት ጎን ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩት። ሴቶቹ "ቴኪምዋ ሰባኪ ልትሆን ነው" እያሉ ሳቁብኝ። አሁን ቃሌን የሚያጣፍጥልኝ የለም፤ መራራም ቢሆን እንዳለ ይደርስሻል።

አባትሽ አንቺ ወደ አውስትራሊያ በሄድሽበት ቀን የተከለልሽ ባባይ እስካሁን ሥሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ በጉድጓዱ ቆሟል። ከእናትሽ ጋር መርከብ ላይ ስትወጪ ገና ልጅ ነበርሽና ላታስታውሺው ትችያለሽ። አባትሽ እጁን አውለብልቦ ሲጨርስ ቀጥታ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ተራውን ዘር አልነበረም የተከለው፤ ለክብር የሚተከለውን ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ በየጊዜው በዙሪያው ቅርጫት እየታታሁ፣ ቅጠል እየሞላሁ፣ የማበላው እኔ ነኝ። ቅጠሉ ከቁመትሽ በልጧል፤ ቁመትሽን ባላውቀውም።

የቤታችንን ሥርዓት አባትሽ ነግሮሽ እንደሆነ አላውቅም። ለሰው የተተከለን ባባይ ከዚያ ሰው በቀር ማንም አይነቅለውም። ነቅሎ፣ ተሸክሞ፣ በመንደሩ መሰብሰቢያ በማኔአባው ጣራ ሥር በወገኖቹ መቀመጫ ፊት ሲያኖረው ያን ጊዜ ሰው ይሆናል፤ ጉድጓዱም የእሱ ይባላል። አንቺ ካልመጣሽ የአባትሽ መቀመጫ ባዶ ነው። እኔ ስሞት ደግሞ ጉድጓዱም ባለቤት የለውም።

በቀብሩ ቀን የአባትሽ የአጎት ልጅ ቴቡሬያ፣ ጉድጓዱ ከጉድጓዳችን አጠገብ ያለው፣ ሰው እየሰማ "ምስኪን ቢናታ፣ ባባይ ተከለ እንጂ ነቃይ አልወለደም" አለ። ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። እኔም ደፋሁ። ይኸውና ቀና አላልኩም።

የማንበቢያ መነጽር ካለሽ ላኪልኝ። መቼ እንደምትመጪም ጻፊልኝ።

አክስትሽ ቴኪምዋ


ብሪዝበን፣ ሚያዝያ 1999

ለተከበሩ አክስቴ ለቴኪምዋ፣

ሰላምታዬና ናፍቆቴ ባሕሩን ተሻግረው ይድረሱዎት። ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የአባቴን ነገር እንዲህ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሥራዬን ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ልንገርዎት። በማጉያ መሣሪያ የቅጠል አፍ ነው የማየው። በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ በባዶ ዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች አሉ። አንዱ ቀዳዳ ግራና ቀኝ ሁለት ከንፈር አለው። ተክሉ ውሃ ሲጠግብ ከንፈሮቹ ይወጠሩና አፉ ይከፈታል፤ ሲጠማ ይላላሉና አፉ ይገጥማል። በተከፈተው አፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሉት አየር ይገባል፤ እኛ ተንፍሰን የምናወጣው ማለት ነው። ቅጠሉ ያንን በፀሐይ ብርሃን ምግብ አድርጎ ሥሩን ያወፍራል። ችግሩ፣ አየሩ በሚገባበት በር ውሃው ይወጣል። አፉን ከከፈተ ይጠማል፣ ከዘጋ ይራባል። ተክል ዕድሜውን ሙሉ በዚህ መካከል ነው የሚኖረው።

እዚህ ሰዎች ባባይ ምንድን ነው ሲሉኝ "የጎደሬ ታላቅ ወንድም ነው፤ ዝናብ ቢመጣ ቅጠሉ ሥር ቤተሰብ ይጠለላል" እላቸዋለሁ። እግሩ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ጥምን አያውቅም ይመስላቸዋል። ዝናብ ሲጠፋ ግን ከደሴቱ ሥር ያለው ጣፋጭ ውሃ ይሳሳና የባሕሩ ጨው ይገባበታል። ያኔ ባባይ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ቅጠሉ ለዓይን ገና አረንጓዴ ሳለ አፉ ቀድሞ ይዘጋል። ስለዚህ አፉን ያየ ሰው ሞቱን ቀድሞ ያውቃል።

አንድ ነገር ልለምንዎት። በጥቅሉ ውስጥ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም፣ ስኮችና ትንንሽ መስታወቶች አሉ። ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ሲደርቅ፣ ከባባያችን ቅጠል በታች በኩል በአውራ ጣት ስፋት ይቀቡት። ሲደርቅ ስኮቹን ለጥፈው ይላጡትና መስታወቱ ላይ ይለጥፉት። የአፎቹ ሁሉ ቅርጽ በዚያች ሰዓት እንደነበረ ታትሞ ይቀራል። ቅጠሉን አይጎዳውም።

አለቃዬ ድርቅ የቻሉ ጉድጓዶችን እየፈለገ ነው። የእኛ ከቻለ፣ የጉዞዬን ቲኬት መሥሪያ ቤቱ ይሰጠኛል። ለገና እመጣለሁ። ባባዬን እነቅላለሁ።

አኬኔቴ


ኦኖቶዋ፣ ግንቦት 1999

ለአኬኔቴ፣

ጤናው፣ ሰላሙና በረከቱ ይብዛልሽ። ጥቅሉ ደርሷል። መነጽሩን ረስተሽዋል።

የጥፍር ቀለሙን ሮቲያ፣ የቴቡሬያ ሚስት፣ ምንጣፌ ላይ አየችው። ወዲያው ጮክ ብላ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ፣ "አንቺ ቴኪምዋ፣ በስተርጅና ጥፍር? ማነው እሱ ዕድለ ቢሱ?" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። አስተማሪው ነው አልኳቸው። ይባስ ሳቁ። ሮቲያ ክፉ ሴት አይደለችም፤ አፏ ብቻ ነው እንደ ጠገበ ቅጠል የሚከፈተው።

ስለ ቅጠል አፍ የጻፍሽውን ገብቶኛል። አንድ ነገር ግን ከሰው ጋር አልገጠመልኝም። ቅጠል ሲጠማ ዝም ይላል ትያለሽ። ሰው ሲጠማ ነው የሚለምነው። ምናልባት ቅጠል ኩሩ ነው። እኔም ከሰው ይልቅ ወደ እሱ እቀርባለሁ።

አለቃሽ ጉድጓድ የሚያይ ሰው ከሆነ አገራችንን አያውቅም። አባቴ ሲያሳድገን "የጉድጓድህን ሆድ ለሰው ዓይን አትስጥ" ይል ነበር። ሰው ምን እንደምታበላው ካወቀ ጉልበትህን ወሰደው ማለት ነው። አባትሽ ለሚስቱ ወንድም እንኳ አላሳየም። የሌላ ሰው ጉድጓድ ውስጥ የወረደ ደግሞ በማኔአባው ሌባ ይባላል፤ ባዶ እጁን ቢወጣም። ይህን የምነግርሽ የጠየቅሽኝ ነገር ቀላል እንዳይመስልሽ ነው።

ያም ሆኖ ጠዋት ወርጄ፣ እንዳልሽው ቀብቼ፣ እንዳልሽው ልጬ፣ መስታወቶቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። የባባይ ቅጠል ነው። አይተሽ የምትዪውን በይኝ።

አሁን መነጽርም አልፈልግም። ለገና ያልሽውን ብቻ አትርሺ።

ቴኪምዋ


ብሪዝበን፣ ሐምሌ 1999

ለተከበሩ አክስቴ፣

ከሰላምታዬ ጋር መነጽሩን ልኬያለሁ።

መልካም ዜና ብጽፍልዎት ምንኛ በወደድኩ። የላኩልኝን አየሁት። በጠዋት፣ አፎቹ ተበርግደው መታየት በነበረባቸው ሰዓት፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ገጥመዋል። አንዳንዱ ከንፈር ተጨማድዷል። ጨው ገብቷል አክስቴ፤ ዛሬ የገባም አይደለም። ቅጠሉ አየር ስለማያገኝ ሥሩን መመገብ አቁሟል። ለጥቂት ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፣ ከዚያ ጠርዙ ይቃጠላል፣ ከዚያ ሥሩ ከውስጥ ይላሽቃል። ያኔ የሚበላም የሚተከልም አይተርፍም።

አሁን ከነቀሉት ግን ብዙው ይድናል። እባክዎ ነገ ዛሬ ሳይሉ ጉድጓዱን በሙሉ ያውጡት። የእኔንም ጭምር ይንቀሉት። ሥርዓቱን እኔ ነኝ የለቀቅኩት፤ ጥፋቱ በእኔ ይሁን።

ለአለቃዬ ነገርኩት። የሞተ ጉድጓድ ለማየት ቲኬት አይሰጥም። ወደ ሰሜን፣ ወደ ቡታሪታሪ ደሴት ይልኩኛል። ለገና አልመጣም። የምነቅለው ነገር ከሌለ ምን ይዤ እዚያ ማኔአባ እገባለሁ? ባዶ እጄን ገብቼ ቴቡሬያ እንዲያየኝ አልፈልግም።

አኬኔቴ


ኦኖቶዋ፣ ነሐሴ 1999

አኬኔቴ፣

ይህን አልልከውም። ጽፌው ምንጣፉ ሥር አኖረዋለሁ። ፊደል ያወቀ ሰው አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ማንም ሳይሰማው መናገር ይችላል።

የላኩልሽ ቅጠል ያንቺ አልነበረም። የቴቡሬያ ነው።

ጠዋት ወደ ጉድጓዳችን ስሄድ ያንን ጠርሙስ ይዤ ነበር። ከባባይሽ ሥር ቆሜ ቅጠሉን ወደ ላይ አየሁት፤ ብርሃን ሲያልፍበት ደም ሥሩ ሁሉ ይታያል። እኔ ያበላሁትን፣ አባቴ ያስተማረኝን፣ ላንቺም ገና ያልነገርኩሽን ነገር የማላውቀው ፈረንጅ በመነጽሩ ሊያነበው ነው ብዬ አሰብኩ። እጄ እምቢ አለኝ። ባዶ መስታወት ልኬ ደግሞ እንድትቀሪብኝ አልፈለግሁም። ባባይ ባባይ ነው፣ ምን ያውቃሉ አልኩ። ቴቡሬያ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ነበር። ወረድኩበት። በዕድሜዬ የሰው ጉድጓድ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነው። ደስም ብሎኝ ነበር፤ "ነቃይ አልወለደም" ያለውን ሰው ባባይ ሆዱን ዳሰስኩት።

ደብዳቤሽ ሲመጣ በአዲሱ መነጽር አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ። የሚሞተው የእሱ ነው፣ የእኛ አይደለም አልኩ። ከዚያ ወደ መጨረሻው መስመር ደረስኩ። አንቺ የማትመጪው በእሱ ጉድጓድ ሞት ነው።

እውነቱን ብጽፍልሽ ትመጫለሽ። ስትመጪ ግን መስታወቱን፣ አለቃሽን፣ ወሬውን ሁሉ ይዘሽ ነው። በማኔአባው የመጀመሪያው ቅጠል የማን ነበር ይባላል። ሌባ እባላለሁ። ከዚያ የባሰም አለ።

ትናንት ሮቲያ መጣች። እንደ ወትሮዋ አልቀለደችም። ተቀመጠችና ምንጣፉን እየቆነጠረች፣ "ቴኪምዋ እህቴ፣ የባባያችን ቅጠል ጠርዙ ቡናማ እየሆነ ነው። ሽማግሌው ባሌ ዝናብ ነው የሚፈልገው ይላል። ያንቺስ እንዴት ነው?" አለችኝ።

ደብዳቤሽ ጭኔ ሥር ነበር። "ነገ ዛሬ ሳይሉ" የሚለው መስመር እየወጋኝ ነበር።

"የእኔም እንደዚያው ነው" አልኳት። "ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል።"

"ብርታት ሰጠሽኝ" አለችና ተነሥታ ሄደች።

ይኸው ነው። አፌን ከፍቼ አንድ ቃል ብናገር የሷ ባባይ ይድን ነበር፣ የእኔ ስም ይጠፋ ነበር። ዘጋሁት። አንቺ የምትዪው ቅጠል ግን ሲዘጋ ለራሱ ብሎ ነው፤ ሌላውን ለመግደል አይደለም።


ኦኖቶዋ፣ ነሐሴ 1999

ለአኬኔቴ፣

ጤና ይስጥሽ። መነጽሩ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ያጎላብኛል።

ባባይሽ ደህና ቆሟል። መሣሪያሽ ተሳስቷል ወይም ፕሌኑ ላይ አበላሽተውታል። አልነቅለውም። ላንቺ የተተከለ ነው። ለገና ነይ።

ቴኪምዋ


ብሪዝበን፣ ጥቅምት 1999

ለአክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

መሣሪያው አልተሳሳተም። ቅጠል አይዋሽም።

የቴቡሬያ ልጅ ዋና ከተማው ታራዋ፣ ወደብ ላይ እንደሚሠራ ያውቃሉ። በስልክ አግኝቼው ነበር። የአባቱ ጉድጓድ በሙሉ መሞቱን ነገረኝ። ሲነቅሉት ሥሩ እንደ ረጠበ ሳሙና በእጃቸው ላይ ቀለጠ አለኝ፤ ለእህቱ ሠርግ ያስቀመጡት ሁሉ። ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ታራዋ እየመጣ ነው። "አክስትሽ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል ብላ ነበር፣ እናቴ እሷን አምና ነው የቆየችው" አለኝ። እርስዎ ደብዳቤዬ ደርሶዎት ነበር። እዚያው ቀን ለቴቡሬያ ሊነግሩት ይችሉ ነበር። የሁለቱ ጉድጓድ ውሃ እኮ አንድ ነው።

የእሱ ከሞተ የእኛም ሞቷል። ደህና ቆሟል የሚሉኝ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። እንድመጣልዎት ከሆነ፣ በእውነት መጥራት ይቻል ነበር። ብቻዬን ነኝ ነይልኝ ቢሉኝ ኖሮ ያለ ባባይም እመጣ ነበር።

ከተረፈ ነገር ካለ ነቅለው ለቤተ ክርስቲያን ይስጡት። ወደ ቡታሪታሪ ለመሄድ እየተዘጋጀሁ ነው።

አኬኔቴ


ኦኖቶዋ፣ ኅዳር 1999

ለአኬኔቴ፣

ጤና፣ ሰላምና በረከት አሁንም ላንቺ። የተቆጣ ሰው ሰላምታ ይበዛበታል እንዳትዪ፤ እኔ አልተቆጣሁም።

እነቴቡሬያ ሄዱ። ቴቡሬያ ጀልባው ላይ ሲወጣ ወደ ጉድጓዱ ዞሮ አላየም፤ ወደ እኔም። ሽማግሌ መሆኑን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ሮቲያ ግን ወደ ቤቴ መጥታ የኮኮናት ሽሮፕ በጠርሙስ ሰጠችኝ። ራሷ ያፈላችው ነው።

"ለማን እቀልዳለሁ ከእንግዲህ?" አለችኝ። "እዚያ ሰው ሁሉ ቸኳይ ነው አሉ።"

"ለባልሽ ቀልጂ" አልኳት።

"እሱማ መሳቅ አቁሟል።" ትንሽ ቆየችና፣ "አንቺስ ብቻሽን ምን ትሆኛለሽ? የጥፍር ቀለምሽም አልቋል" አለች።

አቀፈችኝ። እኔ እጄን አላነሣሁም። ጠርሙሱን እስካሁን አልከፈትኩትም፤ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። መነጽርሽ ደግሞ ባዶ ቤታቸውን አቅርቦ ነው የሚያሳየኝ።

የጥፍር ቀለሙ አላለቀም ነበር። ለአንድ ቅጠል የሚሆን ጠርሙሱ ታች ቀርቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ ወርጄ እንዳልሽው አድርጌዋለሁ። መስታወቱ ይኸው።

እንድትመጪ አልጠይቅሽም። ብቻ እዪው።

ቴኪምዋ


ብሪዝበን፣ ጥር 2000

ለአክስቴ ለቴኪምዋ፣

ቡታሪታሪ ቆይቼ ስመለስ ነው መስታወቱን ጠረጴዛዬ ላይ ያገኘሁት። አየሁት። ተነሥቼ ውሃ ጠጥቼ መጥቼ እንደገና አየሁት።

አፎቹ ሁሉ ተከፍተዋል። በዚያ ድርቅ፣ ጨው አጠገቡ እያለ፣ ከንፈሮቹ ተወጥረው፣ በጠዋት ፀሐይ ተበርግደው ይታያሉ። እንዲህ ያለ ጤነኛ ባባይ አይቼ አላውቅም። አለቃዬን ጠርቼ አሳየሁት፤ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ደጋግሞ አየው። ከዚያ "ምንድን ነው የሚያበሉት?" አለኝ። የአባትዎን ቃል አስታውሼ፣ እኔ አላውቅም፣ ባውቅም አልነግርህም አልኩት። ቲኬቱን ፈርሟል። በሚያዝያ እመጣለሁ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የመጀመሪያውንና ይህኛውን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻለሁ። አንዱ የታመመ ሌላው የዳነ አይደለም። የአፎቹ ብዛትና አደራደር የተለያየ ነው፤ ዘራቸው ራሱ አንድ አይደለም።

ይህ ቅጠል የማን ነው? ያኛውስ የማን ነበር?

ቴቡሬያ ያውቅ ነበር?

አኬኔቴ


ኦኖቶዋ፣ መጋቢት 2000

ለአኬኔቴ፣

ጤና ላንቺ ይሁን፤ ሰላሙን አንቺው ታውቂያለሽ።

ደብዳቤሽ ታራዋ ላይ ከርሞ፣ ፕሌኑ ሲጠገን ነው የደረሰኝ። ጥያቄሽን ልመልስ። ያኛው የቴቡሬያ ነበር። ቴቡሬያ አያውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር። ከዚህ በላይ የሚነበብ ነገር ከፈለግሽ፣ አብሮ የታጠፈውን አሮጌ ወረቀት እዪው። ነሐሴ ላይ ጽፌው ምንጣፉ ሥር የነበረ ነው። ሳትጨርሺው አትፍረጂብኝ፤ ከጨረስሽው በኋላ እንዳሻሽ።

ይህኛው ያንቺ ነው። የዚያን ጠዋት አፉ ክፍት ነበር።

በየካቲት ትልቁ ማዕበል በውቅያኖሱ በኩል ተሻግሮ መጣ። መጀመሪያ የቴቡሬያን ባዶ ጉድጓድ ሞላ። ቴቡሬያ ቢኖር ኖሮ ከልጆቹ ጋር የጉድጓዱን ዳር በድንጋይ ይከትረው ነበር፤ በየዓመቱ ያደርገው ነበር፣ እኛንም ሲጋርደን ኖሯል። አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ከታሪ አልነበረም። ውሃው ከእሱ ሞልቶ ወደ እኛ ፈሰሰ። በእጄ ጨልፌ ቀመስኩት። መቅመሱም አያስፈልግ ነበር። ያንቺን መሣሪያ ሳልይዝ፣ ጠዋት ጠዋት እየወረድኩ ቅጠሉ ሥር ቆሜ አየዋለሁ፤ አረንጓዴ ነበር፣ እኔ ግን መዝጋቱን አውቄዋለሁ። የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን በቃሌ ነው የማውቀው።

ስለዚህ ነቀልኩት። ብቻዬን ነው የነቀልኩት። "ነገ ዛሬ ሳይሉ" የሚለውን ለራሴ አነበብኩት። ግማሹ ጠንካራ ነበር፣ ግማሹ በእጄ ላይ ላሸቀ።

ደህናውን ተሸክሜ ማኔአባው ገባሁ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አስግገው "በማን ስም?" አሉ። "በቢናታ ልጅ በአኬኔቴ" አልኩ። አንዱ "ራሷ የታለች?" አለ። "መንገድ ላይ ናት" አልኩት። ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። አንዱን በአባትሽ መቀመጫ ፊት አኖርኩት። ሌላውን ወስጄ በቴቡሬያ መቀመጫ ፊት አኖርኩት። እዚያ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። የሚጠይቀኝ ሰው ብጠብቅም አፉን የከፈተ የለም፤ እኔም ቆሜ ቆሜ ተቀመጥኩ። ምግቡ ሲነሣ ያኛውን ማንም አልነካውም።

የሮቲያን ሽሮፕ ያን ማታ ከፈትኩት። ጣፋጭ ነው።

ብትመጪ ምንጣፍ አለ፣ ዓሣ አለ፣ እኔም አለሁ። ጉድጓድ ግን አላሳይሽም፤ የሚታይ የለውም። ባትመጪም ገብቶኛል። በጥቅምት "ብቻዬን ነኝ ነይልኝ ቢሉኝ" ብለሽኝ ነበር። ያን መስመር ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። አሁን ብናገረው ትንሽ ዘግይቷል መሰለኝ፤ ቢሆንም ይኸው፣ ብቻዬን ነኝ።

ጠረጴዛሽ ላይ ያለውን መስታወት አትጣዪው። ክፍት የቀረው እሱ ብቻ ነው።

አክስትሽ ቴኪምዋ